ወደ ውስጥ የሚሳብ አዎ

አልተኛም እንግዲህ፣ ምን ይደረግ። ፀሐይዋ በመጋረጃው ጠርዝ ሾልካ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች፣ ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ወንበር ይጎትታል፣ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ አድሬ በጠራራ ፀሐይ አልጋ ላይ ተጋድሜ ራሴን ተኚ ተኚ እላታለሁ፣ እሷ ግን እምቢ አለች፣ እምቢታ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ይጮኻል። እመት መስታወት ናት ልትፈትነኝ የምትደውለው፣ የወደቀች አሮጊት መስላ፣ ድምፅዋን አንቀጥቅጣ እባክሽ እርጂኝ ትለኛለች፣ እኔም አንስቼ በእንግሊዝኛ አረጋጋታለሁ፣ እሷ ድምፆቼን አንድ በአንድ ትመዝናለች፣ እና ያቺ ወደ ውስጥ የምስባት ትንፋሽ ካላመለጠችኝ ከሰኞ ጀምሮ ከልብስ ማጠቢያው ወጥቼ ደወል መቀበያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ካመለጠችኝ እዚያው እንፋሎቴ ውስጥ። ሰው በተናገረው ሲፈረድበት አውቃለሁ፣ በተነፈሰው ሲፈረድበት ግን ገና እኔን አየሁ። እናቴ ደግሞ ስልክ አታነሳም። ከጠዋት ጀምሮ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

እመት መስታወት ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፤ እዚያ የሚኖሩት አሮጊትና ሽማግሌዎች አንገታቸው ላይ ትንሽ ደወል አንጠልጥለዋል፣ ሲወድቁ ወይ ሲጨንቃቸው ይጫኗታል፣ ታች ቢሮ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ያደረገች ሴት ምን ልርዳዎ ትላቸዋለች። ያቺን ሴት መሆን ፈለግኩ። መፈለግ ነውር ነው እንዴ? እጄን ሳሙና በልቶታል፣ ጉልበቴ ከሰል እንደተሸከመ ሰው ይንቋቋል፣ ተቀምጬ ሰው ማናገር አማረኝ። ጠየቅኩ። እንግሊዝኛሽ ደህና ነው፣ አፍሽ ግን መሠልጠን አለበት አሉኝና ለእመት መስታወት አስረከቡኝ። አፌ! ሰፈር ሙሉ የሚፈራው አፌ! መጀመሪያ ቀን ትንሽ መስታወት እጄ ላይ አስቀመጠችና ምላስሽን በጥርስሽ መሃል አውጥተሽ ንፊ አለችኝ። ምላስ ማውጣት ብልግና ነው ተብዬ በኩርኩም ያደግኩ ሴት፣ ሽበት ከጀመረኝ በኋላ ሰው ፊት ምላስሽን አውጪ። እኛ ዘ ብለን የምናልፋት ድምፅ ናት፣ ማዘር ፋዘር እያልን ከተማ ሙሉ ስንግባባባት የኖርናት። እሺ አልኩ፣ አወጣሁ፣ ምላሴም ወጣች፣ ድምፁም ወጣ፣ ምራቁም ወጣ፣ መስታወቱን ጠረግን።

ከዚያ ስስ ወረቀት ከንፈሬ ፊት ዘርግታ ፐ በይ፣ ወረቀቱ ይብረር ትላለች። አልበረረም። ከሆድሽ አምጪው ትላለች። ፐ! ፐ! ፐ! እኛ እኮ ፐ የምንለው ስናደንቅ ነው፣ ቆንጆ ልጅ ወይ አዲስ መኪና ሲያልፍ፣ እኔ እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚደነቅ ነገር ሳይኖር አደንቃለሁ። በመጨረሻ ወረቀቱ በረረላት፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፣ እሱን አልዋሽም። አንድ ቀን በተራዬ፣ ጭቅጭቅ በይ አልኳት። ሞከረች፣ ሞከረችና ትን አላት፣ ውሃ አጠጣኋት። ይሄ ከየት ነው የሚወጣው አለችኝ፣ ጉሮሮሽን እንደ በር ድርግም አድርገሽ ዘግተሽ ትንፋሹን ታፍኚውና ትለቂዋለሽ አልኳት፣ አልሆነላትም፣ ተሳሳቅን። እሷን ግን ጭቅጭቅ ማለት አቃተሽ ብሎ ከሥራ የሚከለክላት የለም። ልዩነታችን እሱ ነው፣ ሌላ አይደለም።

አሁን ደግሞ ደወልኩ፣ አታነሳም። አንቺ ሴትዮ፣ አንሺው እንጂ! ትራሱን ገለበጥኩት፣ ቀዝቃዛው ወገን ያስተኛል ይላሉ፣ ውሸታቸውን ነው።

የክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል አለ። ከአናቱ እስከ አንገቱ በቁመቱ የተሰነጠቀ ሰው፣ በጎን የሚታይ፣ ምላሱ ቀይ፣ ላንቃው ቀይ፣ ጉሮሮው ቱቦ፣ ሳንባው ሳይኖር ትንፋሹ ብቻ በሰማያዊ ቀስት ተሥሏል፤ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ውጭ ናቸው። በአፍም በአፍንጫም ወደ ውጭ። ንግግር ማለት የሚወጣ አየር ነው ትለኛለች በእንጨቷ እየጠቆመች፣ ሳንባ ይገፋል፣ ጉሮሮ ያንዘረዝራል፣ ምላስና ከንፈር ይቀርጻሉ። እጅሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊ፣ ሰሰሰ በይ። አሁን ዘዘዘ በይ። ነዘረሽ? ነዘረኝ። እዚያ ውስጥ ሁለት ስስ ከንፈሮች አሉ፣ ሲቀራረቡ ይንዘረዘራሉ፣ ድምፅ የምትዪው እሱን ነው፣ ሲራራቁ ትንፋሽ ብቻ ያልፋል። ይሄን ወደድኩት። ይሄን ሁሉ ዘመን አንገቴ ላይ ተሸክሜው ስዞር አላውቀውም ነበር። እና አንድ ቀን ያን ሥዕል እያየሁ፣ ሰውዬው ምስኪን ነው፣ አዎ ማለት አይችልም አልኩ በልቤ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ አንድም ቀስት የለውም።

ምክንያቱም የእኛ አዎ ወደ ውስጥ ነው። ሰው ሲያወራልን አፋችንን ገርበብ አድርገን አየር ሳብ እናደርጋለን፣ እህ፣ ገባኝ፣ እውነት ነው፣ ቀጥል፣ አለሁ ማለት ነው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። እኔ እንደማደርገው እንኳ አላውቅም ነበር፣ ማን ዓይኑን ሲያርገበግብ ያውቃል? ለልምምድ ደወል መቀበያው ላይ ያስቀመጡኝ ዕለት አንድ ሽማግሌ ደወሉን ተጫኑ፣ መነጽሬ አልጋ ሥር ገባ አሉኝ፣ እኔም እህ፣ አልኳቸው ወደ ውስጥ። ምነው? አሉ። ምንም፣ ይቀጥሉ። ጠባቂዋ እስክትመጣ እጠብቃለሁ አሉ፣ እህ፣ አልኳቸው። ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? ምን አየሽ? ብለው ጮኹ፣ ደወሉን ደጋግመው ተጫኑት፣ ነርሷ መነጽሩን ትታ እኔን ልታይ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች፣ ደረቴን ልታዳምጥ! ሽማግሌው ምሳቸውን እንኳ አልበሉም አሉ፣ ያቺ ልጅ ምን ሆነች እያሉ። እመት መስታወት የተቀዳውን አሰማችኝ። ይሄ ምንድን ነው? አለችኝ። አዎ ነው አልኳት። አዎ እንዲህ አይባልም፣ ይሄ የደነገጠ ሰው ነው፣ አንቺ ስትደነግጪ እነሱ ይሞታሉ አለችኝ። አልደነገጥኩም እኮ። ገባኝ፣ ግን የሚሰሙት እንደዚያ ነው፣ ይቺን ትንፋሽ ማቆም አለብሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። የእኔ ግን መቼ ወጣና? ገባ እንጂ! የገባ ነገር አፋፍ አይደርስም፣ ምን አስጨነቃችሁ አልኩ፣ በአማርኛ፣ ማን ይሰማኛል።

አቆምኩ ግን። ሞኝ አይደለሁም፣ ወንበሩን ፈልጌዋለሁ። በዚያች ትንፋሽ ፋንታ አፍሽን ገጥመሽ በአፍንጫሽ ህም በይ ብላ አስተማረችኝ፣ ህም፣ ህም፣ ለስላሳ፣ ከላይ ወደ ታች የምትወርድ። ቤት ውስጥም ተለማመጂ፣ ከሰው ጋር ስትሆኚም፣ ስልክ ላይም፣ አለዚያ ልማድ አይለቅም አለችኝ። ለብቻዬ ነኝ፣ ከማን ጋር ልለማመድ? ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚናገር የለም። ያለችኝ እናቴ ናት። እናቴ ስታወራ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ነው የምትነሳው፣ ገበያ ሄድኩ ለማለት ከእንቅልፏ ከነቃችበት ትጀምራለች፣ የጫማዋን ማሰሪያ፣ መንገድ ላይ ያገኘቻትን ሴት፣ የሴትየዋን አማት። መሃል መሃሉ ላይ እህ ካላልሽላት አንድ እርምጃ አትራመድም። ልጆች ሆነን ከተኛንባት ድምፅዋን ቁርጥ አድርጋ፣ ለግድግዳ ነው የማወራው? ትለን ነበር። ለእሷ ነው እንግዲህ ህም ማለት የጀመርኩት። አሁን ሳስበው በራሴ ላይ እሳት እተፋለሁ።

ህም እኮ በእኛ ቤት ሌላ ነገር ነው! ህም ማለት፣ እስቲ እናያለን፣ ማንን ልታታልዪ ነው፣ አላማረኝም ማለት ነው። አባቴ በሕይወቱ ሳለ ህም ካለ ነገሩ አለቀ፣ ያ ጋብቻ አይሆንም፣ ያ በሬ አይገዛም። ይሄን እያወቅኩ፣ በአፍንጫዬ፣ ለስላሳ፣ ከላይ ወደ ታች። አሁን ባለፈው ጊዜ እናቴ ደውላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ተነሳሁልሽ አለችኝ። ህም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ተከትላኝ ሐኪም ቤት ሄድን። ህም። ዝም አለች። ሄሎ እማዬ? አለሁ አለች። ቀጥዪ አልኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ አንገቴን ዳሰሰና፣ አለች። ህም። በይ ተይው፣ ሥራ ይዘሻል፣ እግዜር ይርዳሽ ብላ ዘጋችው። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? ዛሬ አንዴም አላመለጠኝም፣ አንዴም ወደ ውስጥ አልሳብኩም ብዬ ደስ አለኝ! ለራሴ አጨበጨብኩላት!

ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳላወልቅ ታናሽ እህቴ ደወለች። «እማዬን ምንድን ነው ያልሻት?» አለችኝ፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምንም አላልኳትም።»

«እሱ ነው እኮ! ምንም አላልሻትም። ህም ህም ብለሽ አባረርሻት። ታላቂቱ ልጄ አልወደደችውም፣ አልፈርምም ብላ ተቀምጣለች።»

«ምኑን ነው የምትፈርመው?»

እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት አላት፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው፣ እንደ ጌጥ የለመድነው። እህቴ እንደነገረችኝ ያ እንቅርት ለካ ወደ ውስጥ አድጎ የአየር ቧንቧዋን ተጭኗል፣ ስትተኛ ያፍናታል፣ ሐኪሙ ይውጣ ብሏል። ነገ ተራዋ ነው፣ ዛሬ ካልፈረመች ተራዋ ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። እሷ እምቢ ያለችው ሐኪሙ እውነቱን ስለነገራት ነው፤ ከእንቅርቱ ጎን ድምፅ የምታንቀሳቅስ ቀጭን ነርቭ አለች፣ ከተነካች ድምፅሽ ሊሻክር ይችላል አላት። «ድምፄን ወስዳችሁ አንገቴን ልትተዉልኝ?» አለችው። ልጄን ሳልጠይቅ አልፈርምም አለች። ልጇን ልትጠይቅ ደወለች። ልጇ ህም አለቻት። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ለተረት ይመስለኝ ነበር።

እና አሁን ተጋድሜ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ሁለት ሰው እጠብቃለሁ። አንዷ ትንፋሼን ስለምትጠላ፣ አንዷ ስላጣችው። እህቴ በመጨረሻ፣ አትቆጪ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሰው አገር ነሽ፣ እንጀራ ነው አለችኝ፣ እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ሰው አገር ስለሆንኩ ነው እንዴ እናቴን በአፍንጫዬ የማናግራት? ምላስሽን አውጪ አሉኝ፣ አወጣሁ። ወረቀት አብርሪ አሉኝ፣ አበረርኩ። ድምፄን ዝቅ፣ ከንፈሬን ሰብሰብ፣ እሺ፣ እሺ፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት ነው፣ ትምህርት ደግሞ አይጎዳም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ አዲስ ድምፅ አፍ ውስጥ ሲገባ እንደ አዲስ ቁልፍ ነው። እኔ ጨምሩልኝ ነው ያልኩት። ቀንሱልኝ መቼ አልኩ?

ስልኩ ጮኸ። ዘልዬ ተነሳሁ። እናቴ ናት።

«አለሽ?»

«አለሁ እማዬ! የት ጠፍተሽ ነው?»

«የት እጠፋለሁ? ስልኩን ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር፣ ስትጮኹብኝ እንዳልሰማ።»

«ንገሪኝ እስቲ።»

«ምኑን?»

«ማክሰኞ ጠዋት ተነሳሁልሽ ብለሽ የጀመርሽውን።»

«ተይው፣ አልጣመሽም።»

«ጥሞኛል። ከሥሩ ንገሪኝ፣ ከጫማሽ ጀምሪልኝ።»

እሺ፣ ማክሰኞ ጠዋት ተነሳሁልሽ አለች፣ ቀስ ብላ፣ ወንዝ እንደሚፈትን ሰው። አፍንጫዬ ህም ልትል ተንደረደረች፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ያዝኳት። አፌን ከፈትኩና አየሩን ወደ ውስጥ ሳብኩት። እህ። ዝጎ ነበር መሰለኝ፣ ጉሮሮዬን ፋቀው። እናቴ ሰማች። ጫማዬን ሳስር ማሰሪያው ተበጠሰ አለች። እህ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ፣ ታውቂያታለሽ፣ መንገድ ላይ ካገኘችው ሁሉ ጋር ካልተሳሳመች አትሄድም። እህ። በቃ ሄደች እናቴ፣ ማን ይይዛታል፣ የተሰለፈውን ሰው አንድ በአንድ አሳየችኝ፣ የሐኪሙ ጢም በቅጡ አልበቀለም፣ እጁ ግን ሞቃት ነው፣ ደግ ሰው እጁ ይሞቃል፣ እህ፣ አንገቴን ዳሰሰና፣ እማማ፣ አለኝ።

ቲት አለ ጆሮዬ ውስጥ። ሌላ ጥሪ። ስልኩን አንስቼ አየሁት፣ እመት መስታወት። ሰዓቷ ደርሷል። ካላነሳሁላት ያልተመለሰ ደወል ማለት ነው፣ ያልተመለሰ ደወል ደግሞ እዚያ ቤት ይቅርታ የለውም፣ ይሄን ራሷ ነግራኛለች። እናቴን አንዴ ጠብቂኝ ብላትስ? አውቃታለሁ። በይ ሥራሽን ያዥ ትለኛለች፣ ስልኩን ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፣ ተራዋ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ቲት ይላል። ወንበሩን አየሁት፣ እውነቴን ነው፣ ማዳመጫውን፣ መስኮቱን፣ ከጎኑ ያለችውን ተክል ሳይቀር። ይጩህ! ሲበቃው ዝም ይላል።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች እናቴ።

«ምንም አይደል። እማማ አለሽ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነገረኝ። አሁን አንቺ ፍረጂ። ድምፄን ቢወስዱትስ? እኔ ያለ ድምፅ ምንድን ነኝ?»

«እማዬ፣ እጅሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊ።»

«ለምን?»

«አድርጊ እንጂ! ዘዘዘ በይ።»

«እንደ ንብ?»

«እንደ ንብ።»

አለች። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀች፣ «ነዘረኝ!»

«ድምፅሽ እሱ ነው። ሐኪሙ ሊሻክር ይችላል ያለሽ እሱን ነው፣ ይሻክራል አላለም፣ ሊሻክር ይችላል ነው ያለሽ። አሁን እጅሽን ሳታነሺ አዎ በዪኝ፣ በትንፋሽ፣ ወደ ውስጥ።»

ሳበች። ሰማሁት፣ ጠባብ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሲር ይላል፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዴት አልሰማሁትም?

«ነዘረሽ?»

«አልነዘረኝም።»

«ድምፅ የለበትማ። ትንፋሽ ብቻ ነው። ድምፅሽ ቢሻክር እንኳ እሷን የሚወስድብሽ ሐኪም የለም። እንቅርቱ ከተቀመጠ ግን እሱ ነው የሚወስድብሽ፣ እየወሰደብሽ ነው፣ አሁን ሰማሁት።»

«ይሄን ማን ነገረሽ አንቺ?»

«ሥራ ቦታ ተማርኩት።»

«ልጄ ሐኪም ሆነችልኝ በሉኛ!» አለች፣ እህቴ ከጓዳ ምን እንዳለች አልሰማሁም። «በይ እፈርማለሁ። አሁን እህትሽ ትወስደኛለች፣ ጫማዬን እያደረግኩ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን እንደ ወንድ ጎርንኜ ብደውልልሽ ማነው እንዳትዪኝ!»

ቲት ቲቱ ከቆመ ቆይቷል። ስልኩ እጄ ላይ ነዘረ፣ መልእክት ነው፣ አየሁት። ደወሉ አልተመለሰም፣ ሰኞ በልብስ ማጠቢያው ሥራሽ ትቀጥያለሽ ይላል። እሺ። አንሶላው ይጠብቀኝ። ወንበሩን ግን አልተውኩትም፣ እንደገና እጠይቃለሁ፣ እምቢ ካሉኝ እንደገና፣ ምላሴንም አወጣለሁ፣ ወረቀቱንም አበርራለሁ፣ ለሽማግሌዎቹም ይቺ ሴት ስትሰማችሁ እንዲህ ነው የምትተነፍሰው ብዬ አንድ ጊዜ አስረዳቸዋለሁ፣ ሰዎች ናቸው፣ ይገባቸዋል። ትንፋሼን በር ላይ አስቀምጬ ግን አልገባም። አልገባም ብያለሁ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ እንደነበር ያወቅኩት ጉንጬን ሲነካኝ ነው።

«አንቺስ?» አለች እናቴ፣ ጫማዋን እያሰረች መሆን አለበት፣ ድምፅዋ ጎንበስ ብሏል። «ሥራ እንዴት ነው?»

ሁልጊዜ ደህና ነው ነው የምላት። ከመጣሁ ጀምሮ ደህና ነው፣ ሁሉ ሰላም ነው፣ እና ወደ እሷ ወሬ እንመለሳለን።

«ዛሬ የምፈልገው ሥራ አመለጠኝ፣ እማዬ» አልኳት።

ምክር ትጀምራለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይ ትቆጣለች፣ ወይ ስለ ልብስ ሰፊዋ ታወራለች። አላወራችም። በዚያች በጠበበች ጉሮሮዋ አየሩን ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ሳበችልኝ። እኔም ከሥሩ ጀምሬ ነገርኳት።